«ወደቡ ዳውንታውን ነው» ላሉት ጸሐፊ፦ የትኛው ወደብ?

ባለፈው ሰኔ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሲያትል፣ ፒር 66 በሚባለው የመርከብ መሳፈሪያ በር ላይ ሰው አውርጄ ልንቀሳቀስ ስል የመኪናዬ መስኮት ተንኳኳ። ላቡ በግንባሩ የሚወርድ ሰውዬ ነው። ከኋላው ሚስቱ፣ ሁለት ልጆች፣ አምስት ሻንጣ፣ በፕላስተር የታሸገ ካርቶንና ነጠላ ያጣፉ እናት ቆመዋል።

«ወንድሜ፣ ሀበሻ ነህ አይደል? መርከባችሁ እዚህ የለም አሉን።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ፒር 91 ይላል።

ሻንጣውን ጭነን፣ እናትየውን ከፊት አስቀምጬ ቀበቶ ሳስርላቸው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ መርከብን የሚያህል ነገር እንዴት ይጠፋል?»

መልሱን የሰጠኝ ልጃቸው ነው። ስልኩን አውጥቶ እስክንደርስ ድረስ አነበበልኝ። ከአላስካ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) በፊት ሲያትል ውስጥ የት ማደር፣ የት መብላት እንደሚሻል የሚመክር የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጽሑፍ ሌሎች ሁለት ተሳፋሪዎች እጅ ላይ አየሁት። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ጠዋት በርራችሁ ኑና ያኑ ቀን ተሳፈሩ። ቀድማችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ኤርፖርት አጠገብ እደሩ፣ ይረክሳል። ወደቡ ዳውንታውን (መሃል ከተማ) ስለሆነ ከሆቴል በእግር ይደረሳል። ዘመድ ያለው ሰው ለሆቴል መክፈል የለበትም። ሲያትል መጥቶ ክራብና ኦይስተር ሳይበሉ መሄድ ነውር ነው። የሀበሻ ምግብ ግን ቤታችሁም አለ፣ እዚህ አትፈልጉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለሰው አስበው እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔ ደግሞ እዚህ ከተማ 11 ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። በበጋ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሥራዬ ከሆቴል ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ኤርፖርት ነው። በየነጥቡ ልመልስ፣ ግን በሳቸው ቅደም ተከተል አይደለም። ሰውን ላብ ካስጠመቀው ልጀምር።

«ወደቡ ዳውንታውን ነው፣ በእግር ይደረሳል»

የትኛው? ሲያትል የክሩዝ መርከብ የሚቆምበት ሁለት ቦታ ነው ያላት። አንዱ ፒር 66 ነው፣ ቤል ስትሪት የሚባለው። እውነትም ዳውንታውን፣ ውኃው ዳር ነው። ሁለተኛው ፒር 91 ነው፣ ስሚዝ ኮቭ። ከ66 ወደ ሰሜን ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዙሪያው መጋዘንና የባቡር ሐዲድ ነው። ከኤሊየት ጎዳና ወርዶ ሻንጣ እየጎተቱ በእግር የሚገባ ሰው አንዳንዴ አያለሁ። ፊታቸውን ብታዩት ሌላ ምክር አያስፈልጋችሁም።

ኖርዌጂያን የሚባለው የመርከብ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ከ66 ይነሳል። ፕሪንሰስ፣ ሆላንድ አሜሪካ፣ ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያንና ሴሌብሪቲ ባብዛኛው ከ91። ግን መርከብ ቦታ ይቀያይራልና እኔንም አትመኑኝ። ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እመኑ። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት እሱን ተመልከቱ።

ለምን ቢባል፣ ቁጥሩ የሆቴሉን ምርጫ በሙሉ ይቀይረዋል። ከ66 የምትሳፈሩ ከሆነ ቤልታውን ወይም ፓይክ ፕሌስ ገበያ አካባቢ ማደር ዋጋ አለው። ጠዋት ተነስታችሁ አሥር ደቂቃ ብትራመዱ ደረሳችሁ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የረሱት ዳገቱን ነው። ከአንደኛ ጎዳና ወደ ውኃው የሚወርዱት መንገዶች ቁልቁለታቸው እንጦጦን ያስታውሳል። ሻንጣችሁ ከእጃችሁ ካመለጠ ከናንተ ቀድሞ ይሳፈራል። ቤል ስትሪት ላይ የእግረኛ ድልድይ አለ፣ አሳንሰርም አለው። በሱ ውረዱ።

ከ91 የምትሳፈሩ ከሆነ ግን «ለወደብ ቅርብ» ለሚል ሆቴል አንድ ብር አትጨምሩ። ወደዳችሁም ጠላችሁም መኪና ያስፈልጋችኋል። ስፔስ ኒድል ከሚባለው ማማ ሥር፣ ታችኛው ኩዊን አን ብታድሩ ወይም ዌስትሌክ አጠገብ ብታድሩ ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሆቴሉን በወደቡ ሳይሆን በባቡሩና በሆዳችሁ ምረጡ። ዌስትሌክ ከኤርፖርት የሚመጣው ባቡር ጣቢያ ስላለ ሻንጣ ብዙ አይጎተትም። ከዚያው ሞኖሬይሉን (በአንድ ሐዲድ ከላይ የሚሄደውን ባቡር) ይዛችሁ በሁለት ደቂቃ ገደማ ስፔስ ኒድል ናችሁ። ሞኖሬይሉም ማማውም የተሠሩት ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ነው፣ ዛሬም ይሠራሉ።

ዳውንታውን አደገኛ ነው የሚል ወሬም ትሰማላችሁ። ሦስተኛ ጎዳና ላይ፣ በፓይክና በፓይን መካከል ያለው ቦታ ማታ ማታ ደስ አይልም፣ አልዋሽም። ሁለት መንገድ ራቅ ስትሉ ሌላ ከተማ ነው።

«ጠዋት በርራችሁ ያኑ ቀን ተሳፈሩ»

ይሄኛው ያናድደኛል። አንድ የሆቴል አዳር ለማትረፍ ብላችሁ ሰባት ቀን ቁማር ማስያዝ ነው።

አብዛኞቹ መርከቦች ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይነሳሉ። ትኬቱ ላይ 4 ይላል፣ በፈረንጅ ነው። (አንዲት እናት በሀበሻ አስበውት ጠዋት 4 ሰዓት ወደብ ደርሰው ነበር። ካየሁት ስህተት ሁሉ ምርጡ እሱ ነው።) መርከቡ 10 ሰዓት ይነሳል ማለት ግን እስከ 10 ይጠብቃችኋል ማለት አይደለም። ከመነሻው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ምዝገባ ይዘጋል። አውሮፕላናችሁ ከዳላስ ወይም ከዋሽንግተን ሦስት ሰዓት ከዘገየ አበቃ።

«ካመለጠኝ በሚቀጥለው ወደብ በርሬ እደርስበታለሁ» የሚል አይጠፋም። አንድ ተሳፋሪዬ እንዲሁ ብሎኝ ነበር። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በፈረንጅ 1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ፣ የውጭ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ ሰውን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ጭኖ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ ከማውረድ ያግደዋል፣ በመሃል ሩቅ የውጭ ወደብ ካልነካ በቀር። ትልልቆቹ የአላስካ መርከቦች ደግሞ የባሃማስን፣ የቤርሙዳን፣ የኔዘርላንድስን እና መሰል ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። ከሲያትል ተነስተው ወደ ሲያትል ሲመለሱ ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ ጎራ የሚሉትም በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው። ሲያትል ላይ አምልጧችሁ አላስካ፣ ኬቺካን ወደብ ላይ ልሳፈር ብትሉ ግን ጉዟችሁ ከኬቺካን ወደ ሲያትል ሆነ። ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ። ቪክቶሪያ ደግሞ ቅርብ ስለሆነች አታድናችሁም። ስለዚህ ኩባንያው ላያሳፍራችሁ ይችላል።

አንድ ቀን ቀድማችሁ ኑ። ሌላ ክርክር የለውም።

«ኤርፖርት አጠገብ እደሩ፣ ይረክሳል»

ስክሪን ላይ የሚታየው ዋጋ እውነትም ይረክሳል። አብዛኞቹ ሆቴሎች ከኤርፖርት በነፃ ሻትል (በሆቴሉ መኪና) ይወስዷችኋል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ጠዋት ግን ሻትሉ የሚመልሳችሁ ወደ ኤርፖርት እንጂ ወደ መርከብ አይደለም። ኤርፖርቱ ከዳውንታውን በደቡብ በኩል 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፒር 91 ደግሞ ከዳውንታውን ወዲያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁሉም ሰው መኪና በሚፈልግበት ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ፒር 91 ድረስ ከ50 እስከ 60 ዶላር ትከፍላላችሁ። አምስት ሰው ከነሻንጣው ከሆነ ሚኒቫን ነው፣ ዋጋውም ይጨምራል። ማታ ዳውንታውን ወጥተን እንብላ ካላችሁ ደግሞ ደርሶ መልስ አለ። የሰነበተው ሂሳብ ተደምሮ ሲመጣ ዳውንታውን ማደር ነበረብን ትላላችሁ።

አሁን ራሴን የሚጎዳ ነገር ልናገር። ከኤርፖርት ወደ ዳውንታውን ስትመጡ ታክሲ አትያዙ። ቀላል ባቡር አለ፣ ሊንክ ይባላል። ዌስትሌክ ድረስ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለአዋቂ 3 ዶላር። 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ በነፃ ነው የሚሄደው። ታክሲ ከ40 ዶላር በላይ ያስከፍላችኋል። ከአውሮፕላኑ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለው የእግር መንገድ ረዘም ይላል። ለአረጋውያን ዊልቸር ከጠየቃችሁ ጥሩ ነው። መርከብ ቀን ጠዋት ግን ወደ ወደብ እኔን ጥሩኝ።

ኤርፖርት ማደር የሚያዋጣው መቼ ነው? አውሮፕላናችሁ እኩለ ሌሊት የሚያርፍ ከሆነ። ያኔ ከአልጋ በቀር ምንም አትፈልጉም። ደግሞ ያ ሰፈር ባዶ አይደለም። ቱክዊላና ሲታክ አካባቢ የሶማሌም የሀበሻም ምግብ ቤት አለ።

ዳውንታውን ስትይዙም ዓይናችሁን ግለጡ። የሚታየው ዋጋ ላይ ከ15 በመቶ በላይ ግብር ይጨመራል። መኪና ይዛችሁ ከመጣችሁ ለአንድ ሌሊት ማቆሚያ 50 ዶላር እና ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሆቴል ብዙ ነው። ይሄ ወደ ሚቀጥለው ነጥብ ይወስደናል።

«ዘመድ ካላችሁ ሆቴል ምን ያደርጋል?»

እዚህ ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ሲያትል አካባቢ ዘመድ የሌለው ሀበሻ ማግኘት ይከብዳል። ሲያትል መጥቶ ሆቴል ያደረ ሰው ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ወቀሳው አይለቀውም።

ግን ዘመዶቻችን የት ነው የሚኖሩት? ቤት ኪራይ ከዳውንታውን ገፍቶ ገፍቶ ኬንት፣ ሬንተን፣ ሊንዉድ አድርሷቸዋል። ከኬንት ፒር 91 በደህና ቀን ከ40 ደቂቃ አያንስም። ዘመዱ ቅዳሜ ሥራ አለው፣ «እኔ አደርሳችኋለሁ» ብሎ ግን ይምላል። ማታ ቡናው እስከ ሦስተኛው ይፈላል። ጨዋታው ሰባት ሰዓት ሌሊት ያልፋል። ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ አትወጡም። እኔ ራሴ እንዲህ ካለ ቤት ደጃፍ ሰዓቱን እያየሁ ስጠብቅ «ገብተህ አፍህን አሟሽ» ተብዬ ገብቼ ጨጨብሳ የበላሁበት ቀን አለ። መርከቡ ላይ ደረስን፣ ግን በስንት ፀሎት።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ከመጣችሁ የመጀመሪያውን ሌሊት ዘመድ ጋ፣ የመጨረሻውን ሆቴል። መኪናችሁን ዘመዱ ግቢ ተውት። ፒር 91 ማቆሚያው በቀን 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሰባት ቀን አባዙት። ለዘመዱ ከአላስካ የተጨሰ ሳመን ዓሣ ብታመጡለት ይቅር ይላችኋል።

«ክራብና ኦይስተር ሳይበሉ»

ነውር ነው ያሉት እኚህ ሰው ከማን ጋር እየተነጋገሩ እንደሆነ ረስተውታል። አንባቢያቸው ግማሹ ኦርቶዶክስ ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር ስንቱ እናት ይበላል? ያን ቀን ከፊት የተቀመጡት እናት እንኳን ሊበሉት ስሙም ሲጠራ ፊታቸውን ያዞራሉ። የሚበላ ይብላ፣ የሲያትል ክራብ ጣፋጭ ነው፣ እኔም እበላለሁ። «ግዴታ» ማለት ግን ሌላ ነው።

ሳመንም ቢሆን ምን አስቸኮላችሁ? የምትሄዱት እኮ አላስካ ነው። ጁኖና ኬቺካን ላይ ሳመኑ ከወንዙ አፍ ነው የሚወጣው።

ፓይክ ፕሌስ ገበያን ግን እዩት። ከ1907 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። ዓሣ ነጋዴዎቹ ዓሣ ሲወራወሩ ለልጆች ጥሩ ነው። በጠዋት ሂዱ፣ ከ3 ሰዓት በፊት። ከዚያ በኋላ መርከብ ሙሉ ሰው ይገባበታል። በሐምሌ ከሆነ ቼሪና ኮክ ግዙ። ቆማችሁ ብሉ፣ ጭማቂው በክንዳችሁ ይውረድ። «የመጀመሪያው ስታርባክስ» ለሚሉት ሱቅ ግን ከተሰለፋችሁ እኔ አላውቃችሁም። ኩባንያው የተመሠረተው በ1971 ነው፣ ያ ሱቅ እዚያ የመጣው ግን በ1976 ነው። ከቡና አገር ተነስቶ፣ ለሁለተኛው ቦታ፣ አንድ ሰዓት ሰልፍ።

«የሀበሻ ምግብ ቤታችሁም አለ»

ዋናው ልዩነታችን እዚህ ነው። ጸሐፊው «ከተማው የሚታወቅበትን ብሉ» ይላሉ። እኔ ደግሞ መርከቡ ላይ የማታገኙትን ብሉ እላለሁ።

መርከብ ላይ ምግብ ሞልቷል። ስጋው፣ ፓስታው፣ ሳመኑ፣ ኬኩ፣ ቀኑን ሙሉ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን አንድ ነገር ይመጣል። ተሳፋሪዎቼ ሲመለሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያወሩት። ምላስ በርበሬ ይጠራል። ልጆቹ እንኳን «እንጀራ» ይላሉ፣ ቤት ሲቀርብላቸው ፒዛ የሚሉት ልጆች።

በዚያ ላይ ጾም አለ። የአላስካ መርከብ የሚሄደው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። በመሃሉ የሐዋርያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ የመርከቡ ወቅት ደርቶ ባለበት ጊዜ ነው የሚውለው። መርከብ ላይ የቪጋን ምግብ ጠይቃችሁ ታገኛላችሁ፣ ግን ሽሮ አይደለም።

ስለዚህ ከዳውንታውን በመኪና 10 ወይም 15 ደቂቃ ሂዱ፣ ቼሪ መንገድ። ሴንትራል ዲስትሪክት ይባላል ሰፈሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና አካባቢ ያሉት ጥቂት ብሎኮች ለዓመታት የሀበሻ ምግብ ቤት ሰፈር ሆነው ኖረዋል። ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል፣ ከአንዱ ቤት ደግሞ ዱቤ አለብኝ። በሩ ላይ ቆማችሁ አሽትቱና ምረጡ። ከመሳፈራችሁ በፊት ማታ በያይነቱ፣ ወይም ጾም ካልሆነ ጥብስና ክትፎ። ጠዋት ደግሞ ፉል። ትኩስ ዳቦ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከላይ፣ ዘይቱ ዳር ዳር የሚያበራ። ሰዓታቸውን ደውላችሁ ጠይቁ። ሀበሻ ቤት ነው፣ በሩ ላይ የተጻፈውና በሩ የሚከፈትበት ሰዓት አንድ ላይሆን ይችላል።

ፉሉ ከመርከቡ ሰዓትም ጋር ይገጥማል። መሳፈሪያ ሰዓታችሁ ተመድቦ ይሰጣችኋል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው መሃል። ቀድማችሁ ብትሄዱ የሚወርደው ሰው ገና አላለቀም፣ ትቆማላችሁ። ሆቴሉ ቼክ አውት ካደረጋችሁ በኋላም ሻንጣ ያስቀምጥላችኋል። በሰላም ብሉና ሂዱ።

ምግብ አስቋጥራችሁ መሳፈር ግን አትሞክሩ። ቤት የተሠራ ምግብ ፍተሻ ላይ ይያዛል።

ያን ቀንም እሱ ነው የሆነው። ፒር 91 በ20 ደቂቃ ደረስን። ሻንጣውን ስናወርድ ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው። ድፎ ዳቦና ቆሎ። እናትየው የሐዋርያትን ጾም እየጾሙ ነበር፣ ስንቃቸው ነው። እንደማያስገቡላቸው ስነግራቸው ካርቶኑን ለአፍታ አዩት። ከዚያ ወደኔ ገፉት። «እንግዲያው አንተ ብላው፣ ልጄ።»

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ልጃቸው ደወለልኝ። በረራቸው ከሰዓት ነው። ሻንጣው ፖርት ቫሌት በሚባለው ነፃ አገልግሎት ከመርከቡ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ሄዷል። እጃቸው ባዶ ነው። እናትየው እንደ በፊቱ ከፊት ተቀመጡ። ቀበቷቸውን አሁን ራሳቸው አሰሩት።

«በረዶውንም አየሁት፣ ዓሣ ነባሪውንም አየሁት» አሉኝ። «ሰባት ቀን ሰላጣና ድንች። አሁን ሽሮ ያለበት ውሰደኝ።»

ቼሪ መንገድ ደረስን። ገና አልተከፈተም። መኪናውን ጥግ አስይዤ፣ ከተረፈው ቆሏቸው እየቆረጠምን በሩ እስኪከፈት ጠበቅን።